በቀስቱ ሥር ያለው መስኮት፤ ስለ አንድ የኦቶሆትኪ ትእዛዝ የቀረበ ሂስ

የኮምፕዩተርን ሥራ ለማቅለል ትንንሽ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም «አሁን የማውሱ ቀስት ያለው በየትኛው መስኮት ላይ ነው?» የሚለው ነው። ነገሩ ለሰው ዓይን ጥያቄ አይባልም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ስክሪኑን አይቶ በጣቱ ያሳያል። ስክሪፕት ግን ዓይን የለውምና መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ኦቶሆትኪ የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበትን ትእዛዝና ስለ ትእዛዙ የተጻፈውን መመሪያ ነው። ትእዛዙ «ማውስ ጌት ፖስ» ይባላል። ከባልንጀሮቻችን መካከል ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ መልሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የመረመረ ግን ጥቂት ነው። እኛም ሳንመረምር ተጠቅመንበት በአንድ ወዳጃችን ላይ ጉዳት አድርሰናል። ስለዚህ ይህ ሂስ አስቀድሞ የሚነካው እኛኑ ራሳችንን መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ ከምን እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ማይክሮሶፍት በ1985 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ዋና ዋናዎቹን መስኮቶች አንዱን በሌላው ላይ አያነባብርም ነበር፤ ስክሪኑን እንደ እርሻ መሬት በድንበር ከፋፍሎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው ነበር እንጂ። በዚያ ጊዜ «ቀስቱ በማን ላይ ነው?» ማለት «ይህ መሬት የማን ነው?» እንደ ማለት ነበር፤ ልኩን የያዘ ሰው መልሱን ያገኛል። በ1987 ዓ.ም. ሁለተኛው ዊንዶውስ ሲወጣ ግን መስኮቶቹ መነባበር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በአንዲት ነጥብ ላይ ሦስትም አራትም መስኮት ሊደራረብ ይችላልና ድንበር መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ማን በላይ ማን በታች እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ዘንድ ጥያቄያችን የተወለደው በዚያ ዓመት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ኦቶሆትኪን ክሪስ ማሌት የተባለው ሰው በ2003 ዓ.ም. ለሕዝብ አወጣው፤ ሁለተኛው ዋና እትም በታኅሣሥ ወር 2022 ዓ.ም. ተጠናቆ ወጣ። ቋንቋው በነፃ የሚገኝ ነው። ማውስ ጌት ፖስ በአንድ ጊዜ አራት ነገር ያቀብላል፤ ቀስቱ ወደ ጎን ስንት ፒክስል እንደ ራቀ፣ ወደ ታች ስንት እንደ ወረደ፣ ከሥሩ ያለው መስኮት መለያ ቁጥር ስንት እንደ ሆነ፣ በመስኮቱም ውስጥ ቀስቱ ያረፈበት ቁልፍ ወይም የጽሑፍ ሣጥን ማን እንደ ሆነ። በውስጡ የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የቀስቱን ስፍራ ከዊንዶውስ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ያችን ነጥብ «ዊንዶው ፍሮም ፖይንት» ለተባለው የዊንዶውስ ተግባር ይሰጠዋል፤ የተገኘውም መልስ የመስኮት ቁራጭ ከሆነ ከልጅ ወደ አባት እየወጣ ዋናውን መስኮት ይይዛል። ይህን ሁሉ ጸሐፊው በአንድ መስመር ያገኘዋል። ለዚህ ሥራው ትእዛዙ ምስጋና ይገባዋል፤ በሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ለማግኘት ሦስት አራት ተግባር እየጠሩ መልፋት እንደሚያስፈልግ ሞክረን አይተነዋልና።

በመመሪያው ውስጥ ያለው ታዋቂ ምሳሌ የሚከተለው ነው። የማውሱ ቀስት ከስክሪኑ ግርጌ ባለው የታስክ ባር ላይ ሲያርፍ የማውሱን መንኮራኩር ወደ ላይ ቢያዞሩት ድምፅ ይጨምራል፤ ወደ ታች ቢያዞሩት ይቀንሳል። ቀስቱ ሌላ ስፍራ ላይ ሲሆን መንኮራኩሩ የዘወትር ሥራውን ይሠራል። ምሳሌው አጭርና ያማረ ነው፤ ስክሪፕት መጻፍ የጀመርነውም ይህን ገልብጠን ነው። ሆኖም በሁለት ስክሪን ለሚሠራ ሰው እኩሌታው አይሠራም። ምክንያቱም ምሳሌው የሚፈልገው «ሼል ትሬይ ዊንድ» የሚባለውን የመስኮት ዓይነት ሲሆን፣ በሁለተኛው ስክሪን ላይ የሚታየው ታስክ ባር ዓይነቱ ሌላ ነው፤ «ሼል ሰከንደሪ ትሬይ ዊንድ» ይባላል። ለዓይን ሁለቱ ታስክ ባሮች መንትያ ናቸው፤ ለትእዛዙ ግን ባዕዳን ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ቃል ጨምሮ ማረም ይቻላል። የምናነሣው ግን በሚመጣው ነገር ሁሉ የሚደጋገም ስለ ሆነ ነው፤ ዓይን የሚያየውና ትእዛዙ የሚመልሰው አንድ መስሎ ሳለ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በክፍላችን ዓይኑ የደከመ አንድ ባልንጀራ አለን። ስክሪኑን ፈጽሞ አያይም ማለት አይደለም፤ የመስኮትን ቅርፅ ይለያል፤ ጽሑፉን ግን በጣም ካልተጠጋ አያነብም። ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን አንድ ስክሪፕት ጻፍንለት። ስክሪፕቱ በየሩብ ሰኮንዱ ቀስቱ በየትኛው መስኮት ላይ እንዳለ በማውስ ጌት ፖስ ይጠይቃል፤ መስኮቱ ከተለወጠ ስሙን በድምፅ ይናገራል። ኮምፕዩተሩ ያለው የእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ ስለ ነበረና በፊደላችን የተጻፈ ስም ሲደርስበት ዝም ስለሚል፣ ለአማርኛ ስሞች በራሳችን ድምፅ የተቀዱ ትንንሽ ፋይሎች አዘጋጀን። (እዚህ ላይ ለሚከተሉን አንድ ምክር፤ በመጀመሪያው ትውልድ በ1.1 እትም የሚጽፍ ሰው የስክሪፕቱን ፋይል ምልክት ባለው ዩ ቲ ኤፍ 8 ካላስቀመጠው የአማርኛው ስም ተበላሽቶ ይነበባል፤ ምንም መስኮት አይገጥምለትም። በሁለተኛው እትም ይህ ችግር ተቃሏል። እኛ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።) ባልንጀራችን በሥራው ደስ ስላለው አንድ ነገር እንድንጨምር ጠየቀን፤ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ ሲጫን ቀስቱ ያለበት መስኮት እንዲዘጋለት። የመዝጊያዋን ትንሽ ምልክት ፈልጎ ማግኘት ይቸግረው ነበርና ልመናው የተገባ ነበር። ጨመርንለት። መዝጊያ አድርገን የመረጥነው ግን «ዊን ኪል» የተባለውን ትእዛዝ ነው፤ ይህ ትእዛዝ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ በሰላም ሊዘጋ ይሞክራል፤ መስኮቱ እምቢ ካለ ፕሮግራሙን በግድ ያጠፋዋል። «ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ?» የሚለው የጥያቄ ሣጥን ባልንጀራችንን እንዳያስቸግረው ብለን ያደረግነው ነው። ይህ የእኛ ስንፍና ነው፤ በማንም አናላክክም።

አንድ ማታ ባልንጀራችን የታሪክ ድርሰቱን እየጻፈ ነበር። ድርሰቱ በግራ በኩል ባለው መስኮት፣ መዝገበ ቃላቱ በቀኝ በኩል ከኋላ ባለው መስኮት ተከፍቷል። ቃሉን አግኝቶ ስለ ጨረሰ መዝገበ ቃላቱን ሊዘጋ ቀስቱን አንቀሳቀሰ፤ ድምፁ የመዝገበ ቃላቱን ስም ነገረው፤ እሱም መካከለኛውን ቁልፍ ተጫነ። የጠፋው ድርሰቱ ነው። ከእራት በኋላ የጻፈው አራት ገጽ ገና አልተቀመጠም ነበር።

ጥፋቱ የቀስቱ መንቀጥቀጥ መስሎን ነበር። በማግስቱ ሦስት ሆነን ነገሩን እንደ ነበረ ደግመን አሰናዳነው፤ ቀስቱንም ከመዝገበ ቃላቱ ወደ ድርሰቱ ጠርዝ ጥቂት በጥቂት አስጠጋነው። ያየነው አስገረመን። ቀስቱ በግልጽ በመዝገበ ቃላቱ ላይ ሳለ፣ ሦስታችንም ደህና ዓይን ይዘን «በመዝገበ ቃላቱ ላይ ነው» ብለን እየተስማማን፣ ትእዛዙ «ድርሰቱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቀስቱን ጥቂት ወደ ቀኝ ብናርቀው «መዝገበ ቃላቱ ነው» ይላል። በመካከል ለዓይን ማንም የሌለበት፣ ለትእዛዙ ግን የድርሰቱ የሆነ ጠባብ ስፍራ አለ።

ምክንያቱን ፈልገን አገኘን። በዊንዶውስ 10 መስኮቶች በግራ፣ በቀኝና በግርጌ የማይታይ ህዳግ አላቸው፤ ሰው መስኮቱን ጎትቶ ለማስፋት ቀስቱን በቀላሉ እንዲያስይዝ የተተወ ነው። ስክሪኑ ካልጎላ፣ ማለት መለኪያው 100 በመቶ ሲሆን፣ ስፋቱ 7 ፒክስል ገደማ ነው። ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የመስኮቱን ልክ በተለመደው ተግባር ብንለካው ህዳጉ አብሮ ይቆጠራል፤ መስኮቶችን ወደ ስክሪኑ የሚያሳልፈውን የዊንዶውስ ክፍል የሚታየውን ልክ ብቻ እንዲሰጠን ብንጠይቀው ደግሞ አነስ ያለ ልክ ይሰጠናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያ ስውር ህዳግ ነው። የድርሰቱ መስኮት ከፊት ስለ ነበረ ህዳጉ በመዝገበ ቃላቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ባልንጀራችን ስሙን የሰማው ቀስቱ ከህዳጉ ውጭ ሳለ ነው፤ ቁልፉን ሲጫን እጁ ጥቂት ፒክስል ወደ ግራ አለፈ፤ ስክሪፕታችንም ጥያቄውን እንደ ገና ጠይቆ አዲሱን መልስ ተቀበለ። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀስቱ ቅርፁን ለውጦ ባለ ሁለት ራስ ሲሆን ያስተውል ነበር። ባልንጀራችን ግን የተማመነው በሰማው ነው።

ህዳጉ የማይታይ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ የሚያየው ነገር ነው። የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በዚያው ስክሪፕት ውስጥ አግኝተነዋል። ከቀስቱ አጠገብ የሚከተል፣ ስሙን በትልቅ ፊደል የሚያሳይ አንድ ትንሽ መስኮት ሠርተን ነበር። ማውሱ ፈጠን ሲል ቀስቱ በዚያች መስኮት ላይ ይወጣል፤ ስክሪፕቱም «ቀስቱ በማን ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የራሱን ሰሌዳ ያገኝና የራሱን ሰሌዳ ስም ያነባል፤ በጥላው እንደሚደነግጥ ሰው ማለት ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ መስኮቱን ጠቅታ የሚያሳልፍ ማድረግ ነው። ይህን ምልክት የያዘ መስኮት ለዓይን እንደ ወትሮው ይታያል፤ ጠቅታው ግን በእሱ አልፎ ከኋላው ወዳለው ይሄዳል። ምልክቱን እንደ ሰጠነው ማውስ ጌት ፖስ ሰሌዳችንን ማየት ተወ። ሰሌዳው በቀስቱ ሥር ተዘርግቶ እያየነው፣ ትእዛዙ ከሰሌዳው ኋላ ያለውን መስኮት ይነግረናል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ የትእዛዙን ጠባይ ይረዳዋል። የማይታየውን ህዳግ ይመልሳል፤ የሚታየውን ሰሌዳ አይመልስም። እንግዲህ ትእዛዙ የሚመልሰው «በቀስቱ ሥር የሚታየው ማን ነው?» የሚለውን አይደለም፤ «አሁን ጠቅ ቢደረግ ጠቅታው ለማን ይደርሳል?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ከመቶ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ መልስ አላቸው፤ ስሕተቱም ተሰውሮ የሚኖረው ስለዚህ ነው። መመሪያው ግን ለሁለቱም አንዲት ቃል ብቻ ይጠቀማል፤ «በቀስቱ ሥር» ይላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሰዋስው መምህራችን «ሥር» እና «ላይ» የሚሉትን ቃላት ስናገኝ «ከማን አንጻር?» ብለው ሳይጠይቁን አያልፉም ነበር፤ ያን ጊዜ ይሰለቸን ነበር። ከተነባበሩት መስኮቶች ሁሉ በቀስቱ ሥር ያልሆነ የለም። ከመካከላቸው አንዱ የሚመረጠው በምን ሕግ ነው? የሚለው ነው ነገሩ። የመመሪያው ገጽ መስኮቱ ገቢር መሆን እንደማያስፈልገው፣ የተደበቀም መስኮት እንደማይገኝ ይናገራል፤ ይህ መልካም ነው። ስለማይታየው ህዳግና ጠቅታ ስለሚያሳልፈው መስኮት ግን በተመለከትነው ገጽ ላይ ምንም አላገኘንም። የዊንዶውስ የራሱ መመሪያ ዊንዶው ፍሮም ፖይንት የተደበቀውንም፣ እንዳይሠራ የተከለከለውንም መስኮት እንደማይመልስ ይገልጻል፤ ይህች ሁለተኛይቱ ቃል ለብልህ አንባቢ ፍንጭ ትሆናለች። የተከለከለ ቁልፍ በስክሪኑ ላይ ደብዝዞ ይታያል እንጂ አይጠፋምና።

የመስኮቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በዊንዶውስ 10 ካልኩሌተሩን ከፍተን ቀስቱን በላዩ ብናሳርፍና የመስኮቱ ፕሮግራም ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ የሚመጣው ስም የካልኩሌተሩ አይደለም፤ «አፕሊኬሽን ፍሬም ሆስት» የሚባል የሌላ ፕሮግራም ስም ነው። ይህ ፕሮግራም የብዙ መተግበሪያዎችን የውጭ ክፈፍ የሚይዝ ነው፤ እውነተኛው ባለቤት በክፈፉ ውስጥ እንደ ልጅ መስኮት ተቀምጧል። በእንግዳ ማረፊያ በር ላይ ቆሞ የባለቤቱን ስም እንጂ የተከራዩን ስም እንዳላወቀ ሰው መሆን ነው። በክሮምና በመሰሎቹ አሳሾች ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ገጹ በሙሉ ለዊንዶውስ አንድ መስኮት ስለ ሆነ፣ በገጹ ላይ የተሣሉት ቁልፎችና ሣጥኖች በማውስ ጌት ፖስ ዘንድ ህልውና የላቸውም። እነሱን የሚፈልግ ሰው ለዓይነ ስውራን መሣሪያዎች የተዘጋጀውን «ዩ አይ ኦቶሜሽን» የተባለውን ሌላ መንገድ መከተል አለበት፤ እሱም በአንዲት ነጥብ ላይ ያለውን ነገር የሚያመለክት ተግባር አለው።

ስለ ልኮቹ አንድ ወቀሳ ብቻ እንጨምር። ትእዛዙ የሚሰጠው የቀስቱ ስፍራ ጸሐፊው ካልለወጠው በቀር የሚቆጠረው ከስክሪኑ ጥግ አይደለም፤ በሥራ ላይ ካለው መስኮት ጥግ ነው። በሁለተኛው እትም ደግሞ ከዚያው መስኮት የውስጥ ክፍል ጥግ ይቆጠራል። እንግዲህ በአንድ ትእዛዝ ሁለት መልስ እንቀበላለን፤ የመስኮቱ ቁጥር ቀስቱ ስላለበት መስኮት ይናገራል፤ ልኮቹ ግን ከሌላ መስኮት ተነሥተው የተለኩ ሊሆኑ ይችላሉ። መመሪያው ይህን በግልጽ ተናግሯልና አሳሳተን አንልም። ነገር ግን አንድ ሰው መንገድ ጠይቆ «ከዚህ ሁለት መቶ ሜትር» ሲባል «ከዚህ» የተባለው የሌላ ሰው በር ሆኖ ቢያገኘው ምን ይላል? ማንም በሁለት መስኮቶች መካከል የሚሠራ ስክሪፕት ሲጽፍ ልኩን ወደ ስክሪን ማዞር የመጀመሪያ መስመሩ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ አምልጠን ዊንዶው ፍሮም ፖይንትን በቀጥታ እንጠራለን ብለን ደግሞ የባሰ ጉድጓድ ውስጥ ገብተናል። ይህ ተግባር የሚቀበለው ነጥብ ሁለቱን ልክ በአንድነት የያዘ ባለ 8 ባይት ጥቅል ነው። በባለ 32 ቢት ኦቶሆትኪ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ቢያቀብሉት ይሠራል። በባለ 64 ቢቱ ግን ጥቅሉ በአንድ ስፍራ ይጠበቃልና ለብቻው የተላከው ሁለተኛው ቁጥር ወደሚነበብበት አይደርስም። በእኛ ኮምፕዩተር ላይ መልሱ ዘወትር በስክሪኑ ላይኛ ጫፍ ያለው መስኮት ይሆን ነበር። የሚያስቀው፣ ስክሪኑን የሞላ መስኮት ተከፍቶ ሲሆን ላይኛው ጫፍም የእሱ ስለ ሆነ መልሱ ልክ ይመጣል፤ ሳምንት ሙሉ ሠራን ብለን ተኩራርተናል። ሁለቱን ቁጥሮች ወደ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር አጣምሮ ማቀበል ያስፈልጋል፤ ከዋናው ስክሪን በስተግራ ሌላ ስክሪን ያለው ሰው ደግሞ ልኩ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ሲያጣምር የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 32 ቢት መቁረጥ አይርሳ።

ረቂቁን ያነበበ አንድ ጓደኛችን «ይህን መሣሪያ ሰዎች ያለ ደመወዝ ሠርተው በነፃ ሰጥተውናል፤ እንዴት እንተቻቸዋለን? መመሪያው አጭር በመሆኑም ነው የምናነበው» ብሎ ተቃውሞናል። አስተያየቱ ቀላል አይደለም። የመመሪያው ማጠር በእውነት ከበጎ ጠባዩ አንዱ ነው፤ ህዳጎችንና ክፈፎችን ሁሉ ቢዘረዝር የሚያነበው ባልተገኘ ነበር። እኛ የምንፈልገው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የሚመለሰው ጠቅታው የሚደርሰው መስኮት እንጂ የግድ የሚታየው መስኮት አለመሆኑን የሚናገር። በነፃ የተሰጠ መሣሪያ ከተሸጠው ይልቅ በድሀና በተማሪ እጅ ይገባል፤ ስሕተቱንም የሚሸከሙት እነዚሁ ናቸው።

በሌሎች ስርዓቶች ዘንድ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ መመልከትም ይጠቅማል። በ1984 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረው ኤክስ በተባለው የመስኮት ስርዓት ማንም ፕሮግራም የቀስቱን ስፍራና ከሥሩ ያለውን መስኮት መጠየቅ ይችላል፤ «ኤክስ ዱ ቱል» የተባለው መሣሪያ በአንድ ትእዛዝ ስፍራውንና የመስኮቱን ቁጥር አብሮ ያወጣል። እዚያም ከሥሩ መሠረት ተነሥቶ ሲጠየቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የመስኮት አስተዳዳሪው ያበጀው ክፈፍ ነው፤ የፕሮግራሙ የራሱ መስኮት በክፈፉ ውስጥ ነው። ከላይ በካልኩሌተሩ ያየነው ችግር እዚህ በሌላ መልክ ይገኛል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክርስቲያን ሆግስበርግ የጀመረው ዌይላንድ ግን ጥያቄውን ራሱን ይከለክላል። በዌይላንድ አንድ ፕሮግራም የሚነገረው ቀስቱ ወደ ራሱ ገጽ መግባቱና መውጣቱ ብቻ ነው፤ ልኩም ከራሱ ገጽ ጥግ ይቆጠርለታል። ቀስቱ ከእሱ ከወጣ በኋላ ወደ ማን እንደ ሄደ አያውቅም፤ የሌሎቹም መስኮቶች መኖር አይነገረውም። ፌዶራ የተባለው ሊነክስ ከ25ኛው እትም፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋና አድርጎ የሚያስነሣው በዚህ ነው። ምክንያቱም የማይናቅ ነው፤ በኤክስ ማንም ፕሮግራም የሌላውን መስኮትና የሚጻፍበትን ፊደል ሊሰልል ይችላልና። መቼም ለሚስጥር ጠባቂ መልካም ነው። ለባልንጀራችን ግን በሩን የዘጋ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ማታ የጻፉለት ዓይነት ስክሪፕት በዚያ አይሠራም፤ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ራሱ በየዓይነቱ ካልፈቀደ በቀር። የተሳሳተ መልስ ከሚሰጥና መልስ ከሚነፍግ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ እኛ ለጊዜው የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ስሕተቱን ካወቅነው ማረም ይቻላልና። መምህሮቻችን በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ሊኖራቸው እንደሚችል እናውቃለን።

የባልንጀራችንን ስክሪፕት እንደሚከተለው አርመነዋል። ስሙን ሲናገር የመስኮቱን ቁጥር ይይዛል፤ ቁልፉ ሲጫን ጥያቄውን ደግሞ ይጠይቅና ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያያል፤ ካልገጠሙ አይዘጋም፤ አዲሱን ስም ብቻ ይናገራል። ዊን ኪልን አውጥተን በሰላም የሚዘጋውን «ዊን ክሎዝ»ን አገባን፤ የጥያቄው ሣጥን ሲወጣም ድምፅ እንዲሰጥ አደረግን። በመጨረሻም ቀስቱ ከመስኮቱ ሙሉ ልክ ውስጥ ሆኖ ከሚታየው ልክ ውጭ ከሆነ፣ ማለት በስውሩ ህዳግ ላይ ካለ፣ «ድንበር» ብሎ እንዲናገር አዘዝነው። ባልንጀራችን ድርሰቱን እንደ ገና ጽፎ አስረክቧል፤ በአራቱ ገጾች ፋንታ ሦስት ብቻ ነው ያስታወሰው። አሁን ያለው ቅሬታ፣ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቶ ሲሠራ ስክሪፕቱ «ድንበር፣ ድንበር» እያለ ስለሚያሰለቸው በቃሉ ፋንታ አጭር ጩኸት እንዲሆንለት ነው። ከሦስታችን አንዱ ተስማምቷል፤ ሁለታችን ጩኸቱ ከሌሎቹ የኮምፕዩተሩ ጩኸቶች ጋር እንዳይቀላቀልበት ፈርተን ገና እየተከራከርንበት ነው።